ልጆች ከወራት በኋላ ወደ ክፍል ሲመለሱ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ የስድስት ሳምንት አሠራር

ትምህርት ቤት ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት መምህሩ ፊት ሁለት ነገር ይቀርባል፤ የዓመቱ ዕቅድና ልጆቹ። ዕቅዱ ልጆቹ ያለፈውን ክፍል ጨርሰዋል ብሎ ይነሳል። ልጆቹ ግን አልጨረሱም። የኮሮናን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘጉ፤ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት አብዛኛውን ክፍል ሳይማር፣ ያለ ፈተና ተዛውሮ 2ኛ ክፍል ተቀመጠ። የፊደል ገበታውን ያላገባደደ ልጅ ረጅም ምንባብ ያለበት መጽሐፍ ታደለው። በግጭት፣ በመፈናቀል ወይም በጎርፍ ትምህርት በተቋረጠባቸው ቦታዎችም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ የተቋረጠው ጊዜ አንዳንዴ ከወራት አልፎ ዓመታት ይሆናል።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የት እንዳለ በጆሯችሁ ስሙ፤ ከዚያ ካለበት አስነሱት። ለዚህ ስድስት ሳምንት ያህል መመደብ አለበት። ስድስቱ ሳምንት ከዕቅዱ ላይ የሚባክን የሚመስላቸው ርዕሳነ መምህራን ያጋጥማሉ። ማንበብ የማይችል ልጅ የአካባቢ ሳይንሱንም፣ የሒሳብ የቃላት ጥያቄውንም ሊከታተል እንደማይችል፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ ላይ የፊደል ቅርጽ እየገለበጠ እንደሚያሳልፍ አስረዷቸው። ደብተሩ ሙሉ ሆኖ ማንበብ የማይችል ልጅ በየክፍሉ አለ።

1. ከመክፈቻው በፊት ባለው ሳምንት

ለወራት የተዘጋ ክፍል አቧራው ወፍራም ነው፤ አይጥም፣ ተርብም፣ አንዳንዴ እባብም ይገባበታል። መስኮቱንና በሩን ከፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ አናፍሱት። ሳትጠርጉ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ አርከፍክፉ፤ በደረቁ ሲጠረግ አቧራው ተነስቶ ተመልሶ ዴስኩ ላይ ያርፋል፣ የጠራጊውንም ደረት ይጎዳል። የዴስኮቹን ምስማር በእጅ እየዳሰሳችሁ ፈትሹ። መጸዳጃ ቤቱን ደግሞ ራሳችሁ ገብታችሁ እዩት፤ በሩ የማይዘጋ ከሆነ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ሴት ልጆች ቀኑን ሙሉ ይታገሳሉ ወይም ይቀራሉ።

የቧንቧ ውሃ ከሌለ በአንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን መታጠቢያ ይሠራል። ከእጀታው በተቃራኒ ባለው ጎን፣ ከአፉ ግማሽ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ በጋለ ምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ። እጀታው ውስጥ እንጨት አሳልፋችሁ በሁለት ባላ እንጨት ላይ ስቀሉት። አንገቱ ላይ ገመድ አስራችሁ ጫፉን መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር አያይዙት፤ ልጁ እንጨቱን በእግሩ ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብልና ውሃው ይወርዳል። ሳሙናውን በስታችሁ በገመድ አጠገቡ አንጠልጥሉት። ቀዳዳው በጣም ዝቅ ካለ ውሃው ሳይረገጥም ይፈሳል፤ ስለዚህ ውሃው የሚሞላው ከቀዳዳው ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ ብቻ ነው። ለ60 ልጅ ጠዋት ብቻ ከአንድ ጊዜ በላይ መሞላት ስለሚኖርበት ለየሳምንቱ ሁለት ተረኛ መድቡ።

ለማስተማሪያ የሚያስፈልገው ሁሉ ከአካባቢው ይገኛል፦

የካርቶን ቁርጥራጭ፦ የአንድ መዳፍ ስፋት እንዲኖረው የተቆረጠ፣ 100 ያህል። ካርቶኑ የሳሙና ወይም የብስኩት ማሸጊያ ሊሆን ይችላል። በወፍራም እስክሪፕቶ ፊደልና ቃል ይጻፍበታል።

ቆርኪ ወይም ጠጠር፦ ለአምስት ልጅ ቡድን 50።

ስንጥር፦ እኩል የተቆረጠ፣ ለቡድን 100፤ አሥር አሥሩን የሚያስር ክር ወይም ላስቲክ ጭምር።

ያለፈው ዓመት ስም መጥሪያ፦ ይህን ከጽሕፈት ቤት ሳትቀበሉ አትጀምሩ። ከአዲሱ ዝርዝር ጋር አስተያዩና ስሙ አምና ኖሮ ዘንድሮ ያልተመዘገበውን ልጅ ለዩ። መመዝገብ ያቆመውን ልጅ ማንም አይጠራውም፤ የሚገኘው በአሮጌው ዝርዝር ብቻ ነው።

2. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

በእነዚህ ሁለት ቀናት ፈተና አይሰጥ፣ አዲስ ትምህርትም አይጀመር። ልጁ ቤት ሲቆይ ከብት ሲጠብቅ፣ ታናናሾቹን ሲይዝ፣ እናቱ ጉሊት ስትቀመጥ አጠገቧ ሲውል ነበር፤ በፈለገበት ጊዜ ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ይናገራል። 40 ደቂቃ ዴስክ ላይ መቀመጥ እንደ ማንኛውም ሙያ በልምምድ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይከፈል፦ 5 ደቂቃ መዝሙር ወይም ጨዋታ፣ 10 ደቂቃ ትምህርት፣ 5 ደቂቃ ቆሞ መንቀሳቀስ፣ 10 ደቂቃ በቡድን ሥራ፣ 10 ደቂቃ መልስ መስማት። በሦስተኛው ሳምንት የመንቀሳቀሻዋ ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ ትወርዳለች።

ስማቸውን ጥሩ። ልጁ በስሙ ሲጠራ የክፍሉ ልጅ መሆኑን ያውቃል። በየዴስኩ ፊት ስሙ የተጻፈበት ካርቶን አስቀምጡለት፤ የሚያነባት የመጀመሪያ ቃል ስሙ ትሆናለች።

ደንቦች ከአራት አይብለጡ፦ ደወል ሲደወል እንሰለፋለን፤ ለመናገር እጅ እናወጣለን፤ ሌላው ሲያነብ አንስቅም፤ ከመጸዳጃ ስንመለስ እንታጠባለን። ሦስተኛውን አጥብቃችሁ ያዙት። የ10 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጅ ጋር ተቀምጦ «በ» የምትለዋን ፊደል ሲስት ክፍሉ ከሳቀበት በማግስቱ አይመጣም። የሳቀውን ልጅም አትምቱት፣ አታዋርዱት፤ ወደ ውጭ ጠርታችሁ ለብቻው ንገሩት።

3. ልጁ የት እንዳለ መስማት (ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን)

ይህ የሥራው ሁሉ መሠረት ስለሆነ አትዝለሉት። በጽሑፍ አይሠራም፤ አንድ ልጅ ለብቻው ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ 5 ደቂቃ ያህል ያነባል። የ50 ልጅ ክፍል ከሆነ 250 ደቂቃ ነው፤ በሦስት ቀን ሲካፈል በቀን 17 ልጅ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሌሎቹ በዚያ ጊዜ ሥዕል ይሥሩ፣ ስማቸውን ይጻፉ፣ ገበጣ ይጫወቱ። ገበጣ ራሱ የቆጠራ ልምምድ ነው።

መለኪያው በአንድ ወረቀት ላይ የሚጻፍ አራት ነገር ነው።

ፊደላት፦ በ፣ ሊ፣ ማ፣ ት፣ ሩ፣ ሴ፣ ኮ፣ ን፣ ደ፣ ጨ።

ቃላት፦ ላም፣ ቤት፣ ውሃ፣ ልጅ፣ ዳቦ፣ ዛፍ፣ ጫማ፣ እናት።

አጭር አንቀጽ፦ «ጫልቱ ጠዋት ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ዳቦ በሻይ በላች። ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።»

ታሪክ፦ ከስምንት እስከ አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው፣ በአንድ ክፍል ዝቅ ካለ መጽሐፍ የተወሰደ፣ ሁለት ጥያቄ ያለው። አንዱ ጥያቄ መልሱ ጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ የሚገኝ፣ ሌላው «ለምን ይመስልሃል?» የሚል ይሁን።

ከአንቀጹ ጀምሩ። ልጁ ከሦስት ባልበለጠ ስህተት ካነበበው ወደ ታሪኩ ይለፍ። ካቃተው ወደ ቃላቱ ይውረድ፤ ከ8ቱ 6 ካነበበ ቃል አንባቢ ነው። ያም ካቃተው ወደ ፊደላቱ፤ ከ10 ውስጥ 7 ከለየ ፊደል ያውቃል በሉት። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ፋንታ በንባብ ደረጃቸው መድቦ የማስተማር ዘዴውን ያስፋፋው በእንዲህ ያለ አጭር መለኪያ ነው፤ ከእኛ ፊደል ጋር ለማስማማት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጥንቃቄው ይኸውና። የመለኪያው ፊደላት በገበታው ቅደም ተከተል እንዳይጻፉ። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» የሚለውን ልጁ በዜማ ያውቀዋል። ገበታው ፊት አቁማችሁ ብትጠይቁት እስከ ፐ ሳይሳሳት ያወርደዋል፤ «ሴ»ን ብቻዋን አውጥታችሁ ካርቶን ላይ ብታሳዩት ግን «ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ…» እያለ በሹክሹክታ ቆጥሮ ይደርስባታል ወይም ዝም ይላል። የዜማ ዕውቀት ጥሩ መነሻ ቢሆንም ንባብ አይደለም። እየቆጠረ የሚደርስ ልጅ ስሙ አጠገብ ምልክት አድርጉ፤ ፊደሉን ሳይቆጥር እስኪያውቅ ድረስ «ፊደል ያውቃል» አይባልም።

የልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ ከትምህርቱ ቋንቋ የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ በቋንቋው ምን ያህል ማንበብ እንደሚችል ጠይቁ። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል አንብቦ የመጣ ልጅ ድምፅን ከፊደል ማያያዝ ይችላል፤ የሚጎድለው የግዕዝ ፊደሉ ቅርጽ ብቻ ነው። እንደ ጀማሪ ከታሰበ ይበደላል።

ለሒሳብ፦ 20 ቆርኪ ማስቆጠር፤ 7፣ 14፣ 60 እና 305ን ማስነበብ፤ 8+5፣ 13−6 እና 52−37 ማሠራት። እንዴት እንዳሰበ በቃሉ ይንገራችሁ፤ የተሳሳተውን መልስ ሳታርሙ ጻፉት።

4. ቡድን መመደብ

አራት ቡድን ይወጣል፦ ፊደል ያልለዩ፣ ፊደል ለይተው ቃል የማያነቡ፣ ቃል አንብበው አንቀጽ የሚያቅታቸው፣ አንቀጽ የሚያነቡ። ለቡድኖቹ በዚሁ ቅደም ተከተል የዛፍ ስም ስጧቸው፤ ዋርካ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጽድ። «አንደኛ ቡድን» ወይም «የደካሞች» ከተባለ ስሙ ልጁ ላይ ይቀራል። አንድ ለአምስት ተብሎ አንድ ጎበዝ ልጅ ሌሎቹን እንዲያስጠና የሚደረገው አመዳደብ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጎበዙ መልሱን ይነግራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ።

ሁለት መምህራን ካሉ ሥራው በብዙ ይቀላል። 2ኛና 3ኛ ክፍል የንባብ ሰዓታቸውን በአንድ ጊዜ ያድርጉና ዋርካና ወይራን አንዱ መምህር፣ ዝግባና ጽድን ሌላው ይያዝ። ልጁ ለዚያች ሰዓት ብቻ ክፍል ይለውጣል። የ3ኛ ክፍል ልጅ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ጋር መቀመጡ ወላጁን እንዳያስቆጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ብቻውን የሚያስተምር መምህር በየቀኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ያውላል፤ 50 ደቂቃ ለንባብ፣ 30 ደቂቃ ለሒሳብ። ከ50ው ውስጥ 5 ደቂቃ ለሁሉም በጋራ፣ 20 ደቂቃ ከዋርካ፣ 15 ደቂቃ ከወይራ፣ 10 ደቂቃ ከዝግባ ጋር ይቀመጣል። ጽድ ታሪክ አንብቦ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ መምህሩ ደብተሩን በዕረፍት ሰዓት ያያል። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ልጆቹን በድጋሚ ሰምቶ ወደሚቀጥለው ቡድን ያሸጋግራል። ቡድን የማይቀያየርበት ክፍል አመዳደቡ ከሽፏል ማለት ነው።

5. ፊደልን እንደገና ማስተማር

የተለመደው መንገድ ከሀ ጀምሮ ሰባቱን ቤት በየቀኑ አንድ ረድፍ ማውረድ ነው። 33ቱን ረድፍ በዚህ መንገድ ለመጨረስ ከስድስት ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ በመሀሉ ልጁ አንዲት ሙሉ ቃል ሳያነብ ይከርማል። ጊዜ ያጠረው መምህር ሌላ ቅደም ተከተል ይምረጥ።

በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ፊደል ብቻ ውሰዱ፦ በ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ተ፣ ነ። ከሰባቱ ቤት ደግሞ ሦስቱን ብቻ፦ ግዕዝ፣ ራብዕና ሳድስ (እንደ በ፣ ባ፣ ብ)። 18 ምልክት ነው። ሳድስ ቀድማ የገባችው የአማርኛ ቃል ያለ እሷ እምብዛም ስለማይዘጋ ነው። ከእነዚህ 18 ፊደላት ላም፣ በር፣ ማር፣ ብር፣ ልብ፣ ባል፣ ተራ፣ መብራት የሚሉት ይወጣሉ። አርብ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ «ነብር ላም በላ።» ብላችሁ ጻፉ። ፊደል አያውቅም የተባለ ልጅ በአምስተኛው ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ፊቱን እዩት።

በሁለተኛው ሳምንት ሰ፣ ከ፣ ደ፣ አ፣ ወ፣ የ ይጨመሩ፤ ካዕብና ሣልስም (እንደ ቡ፣ ቢ) ይግቡ። እነዚህ ሁለቱና ኃምስ በአብዛኛው ምልክታቸው ቋሚ ስለሆነ ቶሎ ይያዛሉ፤ ካዕብ በቀኝ ጎን ወገቡ ላይ፣ ሣልስ በቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ኃምስ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ያበጃል። ሩና ፉ ግን ከሕጉ ይወጣሉ፤ ለብቻቸው ይታዩ። ራብዕ ላይ ባለ ሁለት እግሮቹ (ባ፣ ላ፣ ሳ) ግራ እግራቸው ያጥራል፤ ባለ አንድ እግሮቹ (ታ፣ ቃ) እግራቸው ወደ ግራ ይታጠፋል። ሳድስና ሳብዕ ግን አንድ ወጥ ሕግ የላቸውም። ልጁ ቤት በቆየባቸው ወራት ቶሎ የሚረሳቸውም እነዚህን ነው፤ በካርቶን አንድ በአንድ እየታዩ እንጂ በሕግ አይያዙም።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት የቀሩት ይገባሉ። መልካቸው የሚቀራረብ ሁለት ፊደላት በአንድ ሳምንት አይግቡ፦ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ዘና ዠ፣ ሰና ሸ፣ ጠና ጨ። አንዱ በደንብ ከተያዘ በኋላ ሌላው «ቆብ የደፋው» ወይም «ጭረት የጨመረው» ተብሎ ይመጣል። አብረው ከገቡ ልጁ ሁለቱንም ያጣል። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በተመለከተ በእነዚህ ስድስት ሳምንታት በጽሕፈት በማንኛውም ቢጽፍ ተቀበሉ። «ሀገር»ን በሐ በመጻፉ በቀይ የሚሰረዝበት ልጅ ቃሉን መጻፍ መቻሉን አያይም።

በየቀኑ የሚያጋጥሙ ችግሮች አሉ።

ልጁ «ብ-ር» ብሎ ፊደል በፊደል ይጠራና ቃሉን አያገኘውም። ምክንያቱ ሳድስን በገበታው ላይ ሁልጊዜ ከአናባቢ ጋር ስለጠራት ነው፤ ቃል ውስጥ ስትገባ ግን ድምፁ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። «ብር» ስንል የመጀመሪያዋ ትሰማለች፣ ሁለተኛዋ በተናባቢነት ብቻ ትዘጋለች። ማረሚያው ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል ሳያነሳ እያንሸራተተ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው እየፈጠነ ማስጠራት ነው። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ከጆሮው ጋር ይገጥማል።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም። «ልጁ እሺ አለ» እና «እንስራው ውስጥ ውሃ አለ» ላይ ያለው «አለ» አጻጻፉ አንድ ነው፤ አነባበቡን የሚወስነው ትርጉሙ ነው። «ገና»ም እንዲሁ፤ በዓሉና «ገና ነው» የምንለው በጽሑፍ አይለዩም። ስለዚህ ልጁ በትክክል አነበበ የሚባለው ትርጉሙን ሲያውቅ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ምን ሆነ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አላልቶ ያነበበውን አጥብቆ ከደገመው ገብቶታል።

ሦስተኛው የጋራ ንባብ ነው። 60 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነብ ክፍሉ ደምቆ ይሰማል፣ ሱፐርቫይዘሩም ይደሰታል፤ ነገር ግን ከስድሳው ስንቱ ከፊት ያሉትን ተከትሎ እንደሚያስተጋባ አይታወቅም። የጋራ ንባብ ለሁለት ደቂቃ ማሟሟቂያ ይሁን። ከዚያ መምህሩ ቃሉን ከታች ወደ ላይ፣ ከመሀል ወደ ዳር እያመለከተ አንድ አንድ ልጅ ያስነብብ። ከኋላ የተቀመጡትን መጀመሪያ።

ለዋርካ ቡድን እጅ መጠመድ አለበት፤ በአፈር ወይም በአሸዋ ላይ በጣት መጻፍ፣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ የዕለቱን ፊደል ፈልጎ መክበብ፣ ካርቶኖቹን አሰካክቶ ቃል መሥራት። ዝግባ ደግሞ ያነበበውን ለጓደኛው ይናገራል፤ መጽሐፉን ዘግቶ ነው የሚናገረው።

6. ሒሳብ

ቤት የቆየ ልጅ በሒሳብ ሁልጊዜ ወደ ኋላ አልቀረም። ጉሊት የተቀመጠች ልጅ የ50 ብር መልስ ስትሰጥ ከክፍሉ ፈጣኖች ትበልጥ ይሆናል፤ እረኛው ከብቱን ሁለት ሁለት እያለ ይቆጥራል። ከሚያውቁት ገንዘብ ጀምሩና ወደ ጽሑፉ ውሰዱት፤ የጎደላቸው የአጻጻፉ ሥርዓት ነው።

በአማርኛ ቁጥር ሲነገር አሥሩ ቀድሞ ስለሚጠራ (አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ) 14ን 41 ብሎ የመጻፍ ስህተት ብዙ አያጋጥምም። የሚያስቸግረው ዜሮ ነው። «ሦስት መቶ አምስት» ሲባል 3005 ይጽፋሉ፤ የሰሙትን 300 ጽፈው 5 ይቀጥሉበታል። መቶ ቤት፣ አሥር ቤት፣ አንድ ቤት ብላችሁ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤት ሥሩ፤ በየቤቱ አንድ ቁጥር ብቻ ይገባል፣ ባዶ ቤት ዜሮ ይጻፍበታል።

52−37ን 25 ብሎ የሠራ ልጅ በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን ቀንሷል፤ 7 ከ2 ስለማይቀነስ ገልብጦ 2ን ከ7 ቀነሰ። ስህተቱን በሰሌዳ ማስረዳት ብዙም አይረዳም። አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ስንጥር ስጡትና «37 ስጠኝ» በሉት። ሦስት እስር ይሰጣል፣ ከሁለት ነጠላ ሰባት ማውጣት ስለማይችል አንዱን እስር ራሱ ይፈታዋል። በእጁ የፈታውን እስር ያን ጊዜ «ብድር» ብላችሁ ሰሌዳው ላይ አሳዩት። ለሦስት ቀን በስንጥርና በጽሑፍ ጎን ለጎን ይሥራ፣ በአራተኛው ስንጥሩ ይነሳ። ስንጥሩ ቶሎ ከተነሳ ስህተቱ ይመለሳል። የማባዛት ሰንጠረዥ ከ4ኛ ክፍል በታች በእነዚህ ሳምንታት አይቸኩል፤ 2፣ 5 እና 10 ይበቃሉ።

7. የሚቀር ልጅ

ስም በየቀኑ ጠዋትና ከዕረፍት በኋላ ይጠራ። ከዕረፍት በኋላ የሚጠፋ ልጅ ብዙ ጊዜ የራበው ነው፤ የምገባ ፕሮግራም በሌለበት ትምህርት ቤት ይህን ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ተነጋገሩበት።

ሁለት ቀን የቀረውን ልጅ የሰፈሩ ልጅ ይጠይቀው። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ራሱ ይሂድ ወይም ለኅብረቱ አባል ይንገር፤ ሳምንት ከሞላው በኋላ መመለሱ በብዙ ይከብዳል። ቤት ስትደርሱ «ለምን ቀረ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ወላጅ እንደ ክስ ይሰማዋል። «ናፈቀን፣ ደህና ነው?» በሉና ምክንያቱ ራሱ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ከሆነ ግማሽ ቀን እንዲመጣ ተስማሙ፤ ደብተር ከሌለው ከኅብረቱ ወይም ከእድሩ ጠይቁ፤ ታናሽ የምትጠብቅ ልጅ ከሆነች ጎረቤት የምትይዝበትን መንገድ አብራችሁ ፈልጉ። ዕድሜዋ ከፍ ያለች ልጅ ለመዳር እየታሰበ እንደሆነ ከሰማችሁ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩና ለቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ይነገር። በኢትዮጵያ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው።

የወላጅ ስብሰባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከገበያ ቀን ውጪ ይጠራ። መዋጮ በዚህ ስብሰባ አይነሳ፤ ከተነሳ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የሚመጣ አይኖርም። ከወላጅ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ማታ 10 ደቂቃ ልጁ ያንብብ፣ ወላጅ ይስማ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይችላል። «ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ፣ ጣትህን ፊደሉ ላይ አድርግ» ይላል፤ ጣቱ ከቆመ ልጁ እንደከበደው ያያል፣ ካነበበ በኋላ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል።

8. ዝም ያለ ልጅ

ከግጭት ወይም ከሞት በኋላ የተመለሰ ልጅ ደወል ሲደወል ይደነግጥ ይሆናል፤ ይተኛል፣ ይጣላል ወይም አይናገርም። በክፍል ፊት የደረሰበትን እንዲያወራ አትጠይቁት። በር አጠገብ ከፈለገ በር አጠገብ ይቀመጥ። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ከሆነና የሚያስደነግጥ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ በፊሽካ ወይም በመዝሙር ይተካ። ለዚህ ልጅ ከሁሉ የሚጠቅመው ነገ የሚሆነውን ማወቅ ነው፤ የቀኑን ቅደም ተከተል በየጠዋቱ ሰሌዳው ዳር ላይ ጻፉና አትለውጡት። ከአራት ሳምንት በኋላም የማይበላ፣ ማታ የማይተኛ ወይም ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ከወላጁ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

9. አንድ ልጅ ብቻውን ሲመለስ

በሕመም ወይም በቤተሰብ ጉዞ ሁለት ወር ቆይቶ በዓመቱ መሀል የሚመለስ ልጅ ያመለጠውን ደብተር ሁሉ እንዲገለብጥ አይታዘዝ። 60 ገጽ ገልብጦ አንድም ነገር አይይዝም። በመለኪያው ስሙት፣ ከየትምህርቱ ሳያውቅ መቀጠል የማይችለውን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ፣ ለሦስት ሳምንት በቀን 15 ደቂቃ ስጡት። አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ታጋሽ ልጅ ይመደብለት።

10. በስድስተኛው ሳምንት

ያው መለኪያ፣ ሌሎች ቃላትና ሌላ አንቀጽ። የመጀመሪያው አንቀጽ ከተደገመ ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል። ውጤቱን ከመጀመሪያው ጎን ጻፉ፤ ዋርካ የነበረ ልጅ ወደ ወይራ ወይም ዝግባ ካልተሻገረ ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ዓይኑን እያጠበበ ሰሌዳውን የሚያይ፣ ስሙ ከኋላ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ሰነፍ ተብሎ ዓመት ያልፋል። ለጊዜው ፊት ዴስክ ላይ አስቀምጡትና ወላጁ እንዲያስመረምረው ንገሩት።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ይከፈታል፤ የንባቧ ሰዓት ግን ወደ 30 ደቂቃ ወርዳ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ትቀጥላለች። ከዩኒት ሊደሩ ጋር ተቀምጣችሁ የመጽሐፉን ምዕራፎች በሦስት ክፈሉ፦ ለሚቀጥለው ክፍል መሠረት የሆኑትን በሙሉ አስተምሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚደገሙትን በአንድ ክፍለ ጊዜ አሳጥሩ፣ የቀሩትን ለንባብ መለማመጃ ተጠቀሙባቸው። የመለኪያውን ወረቀት ከስም መጥሪያው ጋር አያይዙት፤ ሰኔ ላይ ከውጤት ካርዱ ጋር ለሚቀጥለው ዓመት መምህር ይተላለፋል።